ምዕራፍ 7፦ ውሻ ይዞ ለሚመጣ እንግዳ

በቨርጂኒያ የሚገኘው የሸነንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ከዋሽንግተን ዲሲ በስተምዕራብ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ተራራው፣ ጭጋጉና በመከር ወራት የሚቀላው ቅጠሉ ያስመሰገኑት ይህ ፓርክ ከአሜሪካ አቻዎቹ የሚለይበት ሌላም ነገር አለው። በአብዛኞቹ ብሔራዊ ፓርኮች ውሻ ከመኪና ማቆሚያውና ከድንኳን መትከያው ብዙም አያልፍም። በሸነንዶዋ ግን ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ከሚሆነው የእግር መንገድ ውስጥ ለውሻ የተከለከለው 32 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ማሰሪያው ገመድ ከ6 ጫማ፣ ማለትም ከ1.8 ሜትር እስካልረዘመ ድረስ ውሻና ባለቤት አብረው ተራራ ይወጣሉ። በፓርኩ ግርጌ፣ በሉሬይና በፍሮንት ሮያል አካባቢ ቤቱን ለጥቂት ሌሊት የሚያከራይ ሰው ስለ አልጋ ብዛት ሳይጠየቅ በፊት “ውሻ ትቀበላላችሁ?” ተብሎ ቢጠየቅ የሚደንቅ አይደለም።

ለእኛ ሰው ጥያቄው ይከብዳል። በዋሽንግተን ዲሲ ዳርቻ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ኖሮ፣ ሠርቶና ቆጥቦ ወደ ገጠሩ ወጣ ብሎ ሁለተኛ ቤት የገዛ ኢትዮጵያዊ ባብዛኛው ያደገው ውሻ ደጅ በሚያድርበት ግቢ ውስጥ ነው። ውሻ ዘበኛ ነው፤ ሌሊት ይጮኻል፣ ትራፊ ይበላል፣ ከደጃፍ አያልፍም። በእብድ ውሻ የተነከሰ ሰው ወሬ ሳይሰማ ያደገ ልጅ የለም። የእምነትም ነገር አለ። ውሻ ቤተ ክርስቲያን አይገባም፤ ለብዙ ሙስሊሞችም የውሻ ምራቅ የነካው ልብስ በደንብ ታጥቦ ካልጠራ ለሶላት አይሆንም። እንዲህ ላደገ ሰው፣ በገዛ ቤቱ ሶፋ ላይ የማያውቀው ውሻ ተጋድሞ ማሰብ ቀላል አይደለም። አልቀበልም ቢል ማንም ሊወቅሰው አይገባም።

ጉዳት የሚመጣው በመሃል ቤት ነው። አከራዩ ገቢው እንዳይቀርበት “ውሻ ይፈቀዳል” ብሎ ይጽፋል፤ ቤቱን ግን ለውሻ አያዘጋጅም፤ ሲከፋው ደግሞ የክፍያውን መጠን እየሰቀለ ይሄዳል። ክፍያው ሲሰቀል እንግዳው ውሻውን ደብቆ ያስገባል። የተደበቀ ውሻ ደግሞ ከሁሉም የከፋው ነው። ሽንት ቢያመልጠው ባለቤቱ ደፍሮ አይናገርም፤ ጎረቤት እንዳያየው መጋረጃ ተዘግቶበት ይውላል፤ ቁንጫ ይኑረው አይኑረው የሚያውቅ የለም። ይህ ምዕራፍ የሚያስረዳው አንድ ነገር ነው፤ ውሻ በሰው ቤት የሚያደርሰው ጥፋት አብዛኛው ከፍርሃቱና ከአፍንጫው የሚመነጭ ስለሆነ፣ ያንን አውቆ ቤቱን ያዘጋጀ አከራይ ብዙ አይጎዳም።

በመጀመሪያ ግን ምርጫ የሌለበትን ጉዳይ፣ አካል ጉዳተኛን የሚረዳውን ውሻ፣ እናንሳ። እ.ኤ.አ. በ1928 ሞሪስ ፍራንክ የተባለ ዓይነ ስውር የናሽቪል ወጣት ወደ ስዊዘርላንድ ሄዶ፣ በዶሮቲ ዩስቲስ ማሠልጠኛ ከሠለጠነች በዲ ከምትባል የጀርመን እረኛ ውሻ ጋር መሥራት ተማረ። ተመልሶ ኒው ዮርክ ሲደርስ መኪና የሚርመሰመስበትን ጎዳና በእሷ እየተመራ፣ ጋዜጠኞች ዓይናቸው እያየ ተሻገረ። በዓመቱ፣ በ1929፣ ሲይንግ አይ የተባለው የመሪ ውሻ ማሠልጠኛ በናሽቪል ተቋቋመ። ከዚያ በኋላ ፍራንክ ለዓመታት ከሆቴል፣ ከምግብ ቤትና ከባቡር በር ላይ “ውሻ አይገባም” እየተባለ መከራከር ነበረበት። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ አካል ጉዳተኛ ከውሻው ጋር ሆቴል ገብቶ ማደር የሚችለው እንዲህ ያሉ ሰዎች በር ላይ ቆመው ስለተከራከሩለት ነው።

በ1990 የወጣው የአካል ጉዳተኞች ሕግ በኋላ በተሻሻለው ደንቡ መሠረት፣ አገልግሎት ሰጪ እንስሳ የሚባለው ለአንድ አካል ጉዳተኛ የተወሰነ ሥራ እንዲሠራ የሠለጠነ ውሻ ነው። መንገድ ይመራል፣ የወደቀ ዕቃ ያነሳል፣ የሚጥል በሽታ ሲነሳ ያስጠነቅቃል፣ የስኳር መጠን ሲወርድ ያሳውቃል። ሕጉ የሚያርፍበት አከራይ ሁለት ጥያቄ ብቻ ይጠይቃል። ውሻው ለአካል ጉዳት የሚያስፈልግ አገልግሎት ሰጪ ነው ወይ? ምን ሥራ እንዲሠራስ ሠልጥኗል? ወረቀት አምጣ፣ ሕመምህ ምንድን ነው፣ እስቲ ሥራውን ያሳየን ማለት አይፈቀድም። ባለቤቱ ራሱ የሚኖርበትና ከአምስት የማይበልጥ ክፍል የሚያከራይበት ቤት ከዚህ ሕግ ነፃ ነው፤ ሆኖም ቤቶች በኢንተርኔት የሚከራዩበት ኤርቢኤንቢ በራሱ ደንብ ለአገልግሎት ሰጪ ውሻ ክፍያ መጠየቅን ይከለክላል፤ “ውሻ አንቀበልም” የሚል ቤትም ቢሆን እንዲቀበለው ያዛል። መንፈስ ለማጽናናት ብቻ አብሮ የሚኖር እንስሳ በዚህ ሕግ ውስጥ አይካተትም፤ የየክፍለ ግዛቱ ሕግ ግን ሊለያይ ስለሚችል የራስን ክፍለ ግዛት ሕግ ማየት ግድ ነው።

አሁን ወደ አፍንጫው እንመለስ። የሰው አፍንጫ ሽታ የሚለዩ 6 ሚሊዮን ገደማ ተቀባዮች ሲኖሩት የውሻ ከ100 ሚሊዮን ይበልጣሉ። አዲስ ቤት ሲገባ እኛ መስኮቱንና ወጥ ቤቱን እናያለን፤ እሱ ግን ከእሱ በፊት የገቡትን ውሾች በሙሉ ያሸታል። ምንጣፉ ላይ ከሳምንታት በፊት የሸና ውሻ ካለ ለእሱ ትናንት እንደተሸና ነው፤ ስለዚህ እዚያው ላይ የራሱን ይጨምርበታል። በቤቱ ውስጥ ሸንቶ የማያውቅ ሥነ ሥርዓት ያለው ውሻ እንግዳ ቤት ውስጥ የሚሸናው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው፤ ባለቤቱም “ቤታችን እንዲህ አድርጎ አያውቅም” ሲል እውነቱን ነው።

ሽንቱ ሲደርቅ የሚቀረው ነገር በሳሙናና በውኃ አይለቅም። ውስጡ ያለው ዩሪክ አሲድ ውኃ በቀላሉ የማያሟሟው ፍርፋሪ ሆኖ በምንጣፉ ክር ውስጥ ይቀመጣል፤ አየሩ እርጥብ በሆነ ቁጥር ሽታው ይመለሳል። የእኛ ቤት ጽዳት ያለ በረኪና አይታሰብም፤ እዚህ ግን በረኪና መጀመሪያ የሚነሳ ነገር መሆን የለበትም። ሽንት ውስጥ አሞንያ አለ፤ በረኪናና አሞንያ ሲገናኙ ክሎራሚን የተባለ ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ይወጣል። በተዘጋ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ጎንበስ ብላ የምታጸዳ ሠራተኛ ላይ ይህ ከባድ አደጋ ነው፤ ቤቱን በሌላ ሰው የሚያስጸዳ አከራይ ይህን አስቀድሞ ሊነግራት ይገባል። አሞንያ ያለበት የወለል ማጽጃም ለውሻው አፍንጫ ሽንት ሽንት ስለሚል አይጠቅምም። የሚሠራው ኢንዛይም ያለበት ማጽጃ ነው፤ ኢንዛይሙ ሽታ የሚያመጡትን ነገሮች ይሰባብራል፤ ጊዜ ግን ይፈልጋል። ረጭቶ ወዲያው ማበስ ገንዘብ ማባከን ነው፤ ሽንቱ የዘለቀበት ድረስ እስኪዘልቅ ማራስ፣ መመሪያው የሚለውን ያህል መተውና ራሱ እስኪደርቅ መጠበቅ ያስፈልጋል። የት እንደተሸና ለማወቅ ደግሞ መብራት አጥፍቶ በአልትራቫዮሌት ባትሪ ወለሉንና የሶፋውን እግር ማየት ነው፤ የደረቀ ሽንት ያበራል።

ምንጣፍን ጨርሶ ማንሳት የተሻለ እንደሆነ አምናለሁ። ወለሉ ውኃ የማያስገባ ቪኒል ወይም ሴራሚክ ሲሆን ግማሹ ችግር ያልቃል። በላዩ ላይ በማጠቢያ ማሽን የሚታጠቡ ትንንሽ ምንጣፎች ይበቃሉ። ለሶፋ ቆዳ ወይም ሽመናው ጥቅጥቅ ያለ ጨርቅ ይመረጣል፤ ሳሳ ያለውን የውሻ ጥፍር ይስበዋል፣ ጸጉሩም ይሰካበታል። ሶፋው ላይ የሚታጠብ ጨርቅ ጣል አድርጎ “ውሻዎ ሶፋ ላይ መውጣት ከለመደ ይህን ይጠቀሙ” ብሎ መጻፍ “ሶፋ ላይ መውጣት ክልክል ነው” ከማለት የበለጠ ሶፋውን ያድነዋል፤ ቤቱ ሶፋ ላይ ሲተኛ የኖረ ውሻ የአከራይን ማስታወቂያ አያነብምና። ከመግቢያው በር አጠገብ ሁለት አሮጌ ፎጣ ይሰቀል። እንግዳ ጭቃ የነካው የውሻ እግር የሚጠርግበት ሲያጣ ነጩን የመታጠቢያ ቤት ፎጣ ነው የሚያነሳው።

ስለ ጸጉር፣ ልምድ ያላቸው የጽዳት ሠራተኞች የሚያውቁት ጥሩ ዘዴ አለ። ጸጉር የያዘውን ጨርቅ ከማጠብ በፊት አሥር ደቂቃ ያህል በማድረቂያው ውስጥ ደረቁን ማዞር ነው። ጸጉሩ ረግፎ በማጣሪያው ይያዛል። መጀመሪያ ከታጠበ ግን እርጥብ ጸጉር በጨርቁ ላይ ይለጠፋል፣ ማሽኑንም ይደፍናል። ሶፋና ወንበር ላይ ያለውን ደግሞ የላስቲክ ጓንት አድርጎ በእጅ ማበስ ጠቅልሎ ያነሳዋል።

ቁንጫ ግን ረጋ ብለን የምናየው ነው፤ ለአጭር ጊዜ የሚከራይ ቤትና ቁንጫ እጅግ ይስማማሉ። ውሻ ላይ አብዝቶ የሚገኘው የድመት ቁንጫ የሚባለው ነው። እንስቷ በቀን እስከ 40 እና 50 እንቁላል ትጥላለች፤ እንቁላሉ ከጸጉሩ ላይ እየተንከባለለ ውሻው በሄደበት ሁሉ ይረግፋል። በዓይን የምናየው አዋቂ ቁንጫ ከጠቅላላው መንጋ 5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ የቀረው በወለል ስንጥቅና በምንጣፍ ሥር እንቁላል፣ ትል ወይም ኩብኩባ ሆኖ ይኖራል። ኩብኩባው ድር በመሰለ ሽፋኑ ውስጥ ለወራት ሳይበላ መቆየት ይችላል። የሚቀሰቅሰው ንዝረት፣ ሙቀትና ከትንፋሽ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ስለዚህ ቤቱ ለሦስት ሳምንት ባዶ ከርሞ አዲስ እንግዳ ሻንጣውን ሲያስገባ፣ ሕፃናቱ ወለሉ ላይ ሲሯሯጡ፣ ቁንጫው በአንድ ጊዜ ይፈላል። ያ እንግዳ ውሻ የለውም፤ ጥፋቱ ከወር በፊት ያደረው ሰው ነው፤ የሚወቀሰው ግን አከራዩ ነው።

መድኃኒቱ ከሚመስለው ይቀላል። ውሻ ባደረበት ቤት ሁሉ ቫኪዩም በሶፋ ትራስ ሥርና በግድግዳው ጥግ ሳይቀር ይነዳ፣ ከረጢቱም ወዲያው ከቤት ይውጣ። ቫኪዩም እንቁላሉን ከማንሳቱ ሌላ ንዝረቱ ኩብኩባውን ይቀሰቅሰዋል፤ ስለዚህ ረጅም ጊዜ ባዶ የከረመ ቤት እንግዳ ከመግባቱ ከአንድ ሁለት ቀን በፊት እንደገና ቢጠረግ የተደበቀው ይወጣል። ከምንም በላይ ግን እንግዳው አስቀድሞ “የቁንጫና የመዥገር መከላከያ ወስዷል ወይ?” ተብሎ ይጠየቅ። ውሻውን አሳውቆ የመጣ ሰው ይህን ለመመለስ አያመነታም።

ስለሚጠየቀው ነገር ካነሳን፣ ብዙ ቤቶች የሚጠይቁት የውሻውን ክብደት ነው። “ከ10 ኪሎ በላይ አንቀበልም” ይላሉ። በእኔ እምነት ይህ ጥያቄ ምንም አይነግርም። ሃምሳ ኪሎ የሚመዝን ያረጀ ውሻ ቀኑን ሙሉ ተኝቶ ይውላል፤ ሦስት ኪሎ የማይሞላ ቡችላ ጥርሱ ሲበላው የወንበር እግር ይጨርሳል። የሚጠቅመው ዕድሜውን፣ ሽንቱን መቆጣጠር መልመዱን፣ ብቻውን መቆየት መቻሉን፣ በክሬት፣ ማለትም በውሻ ሣጥን ውስጥ መተኛት መልመዱን መጠየቅ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትም ይጠየቅ፤ በቨርጂኒያ አራት ወር ያለፈው ውሻ ሁሉ መከተብ አለበት። ለሚፈሩ ወገኖቻችን ደግሞ ይህን ማወቅ ያረጋጋል፤ ከውሻ ወደ ውሻ ይተላለፍ የነበረው የእብደት በሽታ ዓይነት ከአሜሪካ እንደጠፋ በ2007 ተገልጿል። በሽታው አሁን በብዛት ያለው በሌሊት ወፍ፣ በራኩን፣ በቀበሮና በመሳሰሉት የዱር እንስሳት ላይ ነው። የውሻ ዘር ጉዳይ ከኢንሹራንስ ጋር ይያያዛል፤ አንዳንድ ኩባንያዎች በስም ለይተው የማይሸፍኗቸው ዘሮች ስላሉ፣ ተራ የመኖሪያ ቤት ኢንሹራንስም ብዙ ጊዜ የኪራይ ሥራን ስለማይሸፍን ውሉን ማንበብ ይቀድማል።

ብቻውን መቆየት ይችላል ወይ ያልነው ትልቁ ጥያቄ ነው። በር የሚቧጭር፣ የመስኮት መከለያ የሚያኝክ፣ ጎረቤት እስኪያማርር የሚጮኽ ውሻ ባለጌ ሆኖ አይደለም። ሽታው በማይታወቅ ቤት ውስጥ የሚያውቀው ሰው በዚያ በር ወጥቶ ሄዷል፤ ይመለስ አይመለስ አያውቅም። ጭንቀቱ የሚበረታው ባለቤቱ እንደወጣ ባሉት የመጀመሪያ ደቂቃዎች ስለሆነ የሚጎዳውም ሁልጊዜ በሩና የመስኮቱ ዳር ነው። ለዚህ ነው ብዙ አከራዮች “ውሻ በክሬት ካልሆነ ብቻውን አይተው” የሚሉት፤ ደንቡ ትክክል ነው፣ ምክንያቱ ቢጻፍ ደግሞ የበለጠ ይከበራል። እንግዳው በደረሰበት ምሽት ውጭ እራት ከመሄድ እቤት ቢያመሽ፣ ከራሱ ቤት ውሻው የሚተኛበትን ሳይታጠብ ይዞ ቢመጣ፣ ሲወጣ ሬድዮ ቢተውለት ውሻው ይረጋጋል። ይህን በመልእክት ቀድሞ የነገረ አከራይ በሩን አድኗል።

ግቢው አጥር ካለው ለእንግዳው ትልቅ ዕረፍት ነው፤ ግን “አጥር አለው” ብሎ መጻፍ ቃል መግባት ነውና እንግዳ በተቀያየረ ቁጥር ዙሪያውን መሄድ ያስፈልጋል። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል የሚለው ተረት እዚህ ቃል በቃል ይሠራል፤ ውሻው ከአጥሩ ሥር በቆፈረው ሽንቁር ማታ ራኩን ገብቶ ቆሻሻውን ይበትነዋል። ሸነንዶዋ ጥቁር ድብ የሚበዛበት አገር ስለሆነ ሌሊት ውሻ ለሽንት ሲወጣ አጥር ቢኖርም በገመድ ይሁን። ስከንክ የሚባለው ጥቁርና ነጭ አውሬም አለ፤ ውሻ ሲጠጋው የሚረጨው ፈሳሽ ሽታው በሳሙና አይለቅም። ፖል ክሬባም የተባለ ኬሚስት በ1990ዎቹ መጀመሪያ ያስተዋወቀው ውህድ ግን ይሠራል፤ አንድ ሊትር ገደማ ባለ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ፣ ሩብ ኩባያ ቤኪንግ ሶዳና አንድ የሻይ ማንኪያ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና። እዚያው ተቀላቅሎ ዓይኑ ውስጥ ሳይገባ ወዲያው ይታጠብበታል፤ ጋዝ ስለሚፈጥር በተከደነ ጠርሙስ ከተቀመጠ ይፈነዳል። ሦስቱን ዕቃዎች ከነአሠራሩ በአንድ ቅርጫት መደርደሪያ ላይ ማኖር ለገጠር ቤት ከጌጥ ይበልጣል።

ወጥ ቤት ላይ የእኛ ደግነት ራሱ አደጋ ሊሆን ይችላል። እንግዳን ባዶ ቤት መቀበል ስለማይሆንልን ምግብ ትተን እንሄዳለን። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ይሰብራሉ፤ ወጣችን ደግሞ ያለ እነሱ አይሠራም። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥሮ አንጀት ይወጋል። ዘቢብና ወይን ኩላሊት ይጎዳሉ፤ ቸኮሌትም መርዙ ነው። ስኳር አልባ ማስቲካና አንዳንድ የለውዝ ቅቤ ውስጥ ያለው ዛይሊቶል የውሻን የደም ስኳር በግማሽ ሰዓት ውስጥ አውርዶ ሊጥለው ይችላል። ጫካ ዳር ባለ ቤት ከሁሉም የሚያሰጋው ግን ማንም የማያስታውሰው፣ ከምድጃው ኋላ የተጣለው የአይጥ መርዝ ነው። ብሮሜታሊን ለሚባለው ዓይነት ማርከሻ የለውም። ውሻ የሚቀበል ቤት የአይጥ መርዝ ጨርሶ አይያዝበት፤ ወጥመድ ይበቃል፤ እሱም ውሻ በማይደርስበት ይደረግ። የቅርቡ የእንስሳት ሐኪም አድራሻና ሌሊት የሚከፈተው ክሊኒክ ስልክ በማቀዝቀዣው በር ላይ ይለጠፍ።

ክፍያ በሌሊት ሳይሆን በቆይታ ቢሆን ይሻላል እላለሁ። ሁለት ሌሊት ያደረ ውሻና አምስት ሌሊት ያደረ ውሻ የሚያስከትሉት ጽዳት እምብዛም አይለያይም፤ እንግዳውም ለምን እንደሚከፍል ይገባዋል። መጠኑ ለዚያ ተጨማሪ ጽዳት የሚወጣውን ይሸፍን፤ ከዚያ ሲያልፍ መደበቅን ይጋብዛል። ከዚያ በላይ ለሚደርስ ጉዳት ኤርቢኤንቢ ለአከራዮች የሚሰጠው እስከ 3 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ሽፋን የቤት እንስሳ ያበላሸውንም ይጨምራል፤ ጥያቄው ግን እንግዳው በወጣ በ14 ቀን ውስጥ መቅረብ አለበት። ማስረጃው ፎቶ ስለሆነ የበሩ፣ የወለሉና የሶፋው ፎቶ በየቆይታው መሃል ቀኑ እንዲታይ ሆኖ ይነሳ።

የሚቀረው ውሻ የሌለው እንግዳ ነው። አለርጂ የሚያስነሳው ፕሮቲን ከውሻው ምራቅና ቅርፊት የሚወጣ ስለሆነ ጸጉሩ ተጠርጎም ይቆያል፤ “አለርጂ የማያመጣ ዘር” የሚባለውም እምነት አይጣልበትም። ሥጋጃውን ዘርግቶ የሚሰግድ እንግዳም ከመክፈሉ በፊት የማወቅ መብት አለው። ስለዚህ ቤቱ ውሻ እንደሚቀበል በማስታወቂያው መጀመሪያ ላይ በግልጽ ይጻፍ፣ በመግለጫው ግርጌ አይደበቅ። ቤቱ ሰፊ ከሆነ አንድ መኝታ ቤት ለውሻ ፈጽሞ የማይከፈት ይደረግ፤ በሩ ላይ ይጻፍበት፣ አንሶላውና ብርድ ልብሱ ለብቻው በሙቅ ውኃ ይታጠብ፣ ቫኪዩሙም ከሌሎቹ ክፍሎች በፊት እዚያ ይጀምር።